የግስ ጆንያው የጠፋ ሳምንት

ሰኞ

አልሰረቅሁም። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ዛሬ የአሥራ አንድ ሰዓቱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሊጀመር ስንገባ ግድግዳው ባዶ ነው። ሁለቱ ምስማሮች ብቻ አፍጠው ያዩናል። የቲቸር ገነት ጆንያ የለም። ቁም ሳጥኑ ላይ የለም፣ ከጠረጴዛው ሥር የለም፣ ቀን ሕፃናቱ የሚማሩበት ጎረቤት ክፍልም የለም።

ጆንያ ሲባል ዝም ብሎ ጆንያ አይደለም። ነጭ ቀለም ቀብታ፣ በጥቁር የእንግሊዝኛ ግሶችን በሦስት ረድፍ ጽፋበታለች። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ኢት፣ ኤት፣ ኢተን። የመጀመሪያው የአሁኑ፣ የቀሩት ያለፉት። የክረምት እረፍቷን ደብረ ብርሃን እናቷ ቤት ቁጭ ብላ እሱን ስትጽፍ ነው የጨረሰችው። ከዚያ እስከ ሰቆጣ ድረስ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣችው። ቦርሳዋን ጣሪያው ላይ ጭና እሱን ግን ከእጇ አልለየችውም አሉ።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። ስሜን የጠራ የለም። አንገት ብቻ ነው የዞረው።

ምክንያት አላቸው፣ አልክድም።

ዓርብ ዕለት ጆንያውን አውርዶ ጠቅልሎ የማስቀመጥ ተራው የእኔ ነበር።

ከዚህ በፊት የቲቸርን ወንበር አንድ እግር በማሽላ አገዳ ቀይሬዋለሁ።

ጆንያው ላይ ከታች ባዶ መስመር አግኝቼ፣ የእሷን ጽሕፈት አስመስዬ «ሚልክ፣ ሞልክ፣ ሞልከን» ብዬ ጨምሬ ነበር፣ ማለብ ለማለት። እንዲህ የሚባል ነገር በእንግሊዝኛ የለም። ክፍሉ በሙሉ ሸመደደው። አያ ካሳዬ፣ የክፍሉ ሽማግሌ፣ ቲቸር ፊት በኩራት ቆመው «ትናንት ላሜን ሞልክ» አሉ። ያኔ ነው የታወቀብኝ። ቲቸር በእስክሪብቶ ሰረዘችው፤ ግን ከሥሩ ይነበባል።

ሌላም አለ። ወረቀቱ ያልቅብኛል።

«ኪሮስ» አለች ቲቸር፣ «ጆንያው እስኪመለስ ድረስ አትግባ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር፣ በሚካኤል፣ አልወሰድሁም።»

«ሞልክንም አልጻፍሁም ብለህ ነበር።»

ወጣሁ።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ላለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አንድ አዲስ አስጎብኚ ይፈለጋል፤ ቅዳሜ ይፈትኑናል። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ጥዬ፣ የሚኒባስ ረዳት ሆኜ፣ ብሎኬት ተሸክሜ፣ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። ይህን ሥራ ግን እፈልገዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ማውራት ነው፣ ለዚያውም እየተከፈለህ። እኔ በነፃም የማወራ ሰው ነኝ።

የአሁኑን ጊዜ እችላለሁ። ዚስ ኢዝ ስቶን። ዚስ ኢዝ ዶር። ታሪክ ግን ሁሉም ያለቀ ነገር ነው። ማን ፈለፈለው፣ እንዴት ፈለፈለው፣ እሱ ሲፈለፍል ሌላው ምን እያደረገ ነበር። ያለፈውን መናገር ካልቻልሁ ባትሪ ይዤ ጨለማው ውስጥ ከመቆም በቀር ምን እሠራለሁ። ከቲቸር ገነት ሌላ የሚያስተምረኝ የለም።

እናቴ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ጠበቀችኝ።

«ልጄ፣ መልስላት።»

«አልወሰድሁም እኮ እማዬ።»

«እሺ። ግን መልስላት።»


ማክሰኞ

አትግባ አለች እንጂ አትቁም አላለችም። መስኮቱ ሥር ቆምሁ። መስኮቱ የላሜራ ነው፣ ተከፍቶ ነበር።

ዛሬ የጀመሩት እየሆነ የነበረውን ነው። በላሁ ሳይሆን እየበላሁ ነበር። «ወዝ» ትልና ግሱ መጨረሻ ላይ «ኢንግ» ትለጥፋለህ። ቲቸር ባዶው ግድግዳ ላይ በጣቷ እያሳየች ታስተምራለች፤ ጆንያው ያለ ይመስላታል። አንጀቴን በላችው። ሰሌዳው ጠባብ ነው፤ ጆንያው ላይ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር።

«ትናንት በዚህ ሰዓት ምን እያደረጋችሁ ነበር?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

አንድ ሰው ሳለ።

«አይ ወዝ ስታንዲንግ ሂር» አልሁ ከመስኮቱ። እዚህ ቆሜ ነበር ማለቴ ነው።

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ወደ መስኮቱ መጣች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልሁ። ላሜራውን ሳበችና ዘጋችው።

ላሜራው ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ሰማሁ። መልሱ ልክ ነበር፤ በኋላ «የመስኮቱ ሰውዬ እንዳለው» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ለዛሬ ይበቃኛል።

ሲወጡ አብራኝ የምትማረው ሙሉ ያዘችኝ። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምትሠራው። እንግሊዝኛዋ «ዌልካም» እና «ኖ ዋተር» ነበር፤ አሁን እኔን በልጣኛለች።

«ጆንያውን ምን አደረግኸው? ፍራሽ?»

«አንቺን ጠቅልዬ ልጭንበት ነው።»

«የምርህን አልወሰድህም?»

«የምሬን።»

«አንተ የምሬን ስትል እኮ ሰው ኪሱን ይዳብሳል።»

ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን አቆመች። «ቲቸር ትናንት ማታ ሆቴል መጥታ ነበር። የዝውውር ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ሥራ አስኪያጃችንን ስትጠይቀው ነበር» አለችኝ።

ይህን መስማት አልነበረብኝም። እሷ ከሄደች ክፍሉ ይዘጋል። እኔ ብቻ አይደለሁም የምቀረው።

አያ ካሳዬ ቤት ሄድሁ። ቀፎዎቻቸው መሐል ቆመው አገኘኋቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ እንግሊዝኛ የሚማሩት ንባቸውን ሊያዩ በሚመጡት ፈረንጆች ምክንያት ነው። «እኔ ፀሐይ እስኪዞር ሳወራ አስተርጓሚው በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፤ ቀሪውን የት እንደሚያደርገው ልወቅ» ይላሉ።

«አያ ካሳዬ፣ እርስዎም እኔ የወሰድሁ ይመስልዎታል?»

ጭስ ማጨሻውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡ።

«አይ። ሌባ ዝም ይላል። አንተ ከተወለድህ ጀምሮ ዝም ብለህ አታውቅም።»

ይህ ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ግን ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ንቦቹ ናቸው የከለከሉኝ።

«እንግዲያ ምን ይሻለኛል?»

«በአገራችን በሬ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?»

«አውጫጭኝ።»

«ጆንያ ከበሬ በምን ያንሳል?»


ረቡዕ

ዛሬ ገባሁ። ተከሳሽ ሆኜ ነው፣ ግን ገባሁ።

አያ ካሳዬ ለቲቸር አስረዷት። አውጫጭኝ ማለት ነገር ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ ይቀመጣል፤ አልቆ እስኪነሳ ማንም አይሄድም። ሁሉም ተራ በተራ ተነስቶ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ ይናገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ያወቀውን መናገር ፈልጎ መታወቅ ያልፈለገ ደግሞ «ወፍ ነገረኝ» ይላል። የወፏ ስም አይጠየቅም።

ቲቸር ግንባሯን ቋጥራ ሰማች። እሺ አለች፣ ግን በአንድ ነገር። «የዚህ ሳምንት ትምህርት ወዝ ነው። አውጫጭኙ በእንግሊዝኛ ይሁን።»

ሰዉ ተንጫጫ። «እስር ቤት ይሻለኛል» ያለም ነበር።

አያ ካሳዬ የቲቸር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከመቀመጣቸው በፊት አራቱንም እግሮች በዱላቸው መታ መታ አድርገው እኔን አዩኝ።

ዓርብ የሆነው ይህ ነው። ትምህርቱ እንዳለቀ፣ እኔ ጆንያውን አውርጄ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥሁ፣ ውጭ ጩኸት ሆነ። ከአበርገሌ በኩል ፍየል ጭኖ የመጣ አይሱዙ በሩ ፊት ለፊት የኋላ መዝጊያው ተከፍቶበት፣ ፍየሉ በሙሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሁላችንም ወጣን። ያን ጊዜ ነው የጠፋው።

አያ ካሳዬ ከራሳቸው ጀመሩ። «አይ ወዝ ካቺንግ ጎት።» ፍየል እየያዝሁ ነበር።

ሙሉ ተነሳች። እሷም ፍየል እየያዘች ነበር፤ አንዷ ፍየል ደግሞ ሻርፗን እየበላች ነበር። «ወዝ ኢቲንግ ማይ ሻርፕ» ስትል ቲቸር ሳትወድ ፈገግ አለች።

የባንኩ ጥበቃ፣ ፍየል እየያዘ ነበር። መርፌ ወጊዋ፣ ፍየል እየያዘች ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ሁለት ፍየል እየያዘ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ያዦቹ ከፍየሎቹ በዙ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ረዳት እያለው ለምን እስከ ማታ ሲሮጥ እንደነበር አልገባኝም።

የእትዬ ዘይነባ ተራ ደረሰ። ገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ቅመም፣ ሻማ፣ የባትሪ ድንጋይ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ስትጠየቅ ድምፅዋ ከሻሿ አይወጣም።

«አይ ወዝ ካቺንግ ጎት» አለች ለጠረጴዛው።

«እትዬ፣ እኔ አላየሁሽም» አለች ሙሉ።

አያ ካሳዬ ዱላቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «በሰው ቃል መሐል አይገባም።»

ቲቸርም አልቀረላትም። አውጫጭኝ መምህርም አይምርም። ፊቷ ቲማቲም ሆኖ፣ እሷም ፍየል እየያዘች እንደነበር አመነች። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች። ስትመለስ በሩ ተዘግቶ ነበር። «ሰምባዲ ሃድ ክሎዝድ ዘ ዶር።»

ሃድ። ይህን ቃል ሰሌዳ ላይ ስታስረዳው ለሦስት ሳምንት አልገባኝም ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ ገባኝ። ሁለት ያለፉ ነገሮች ሲኖሩ፣ ቀድሞ ያለፈው ሃድን ይይዛል። በሩ ቀድሞ ተዘጋ፣ እሷ ኋላ መጣች። እኛም እኮ ስንናገር «ስደርስ ሄዶ ነበር» እንላለን። ሳውቀው የኖርሁት ነገር ነው፤ በባዕድ ልብስ ስለመጣ ነው ያልለየሁት። ልነሳና ልናገር ስል ግን የኔ ተራ ደረሰ፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አማራጭ አልነበረኝም።

«አይ ወዝ ኖት ካቺንግ ጎት» አልሁ። ፍየል እየያዝሁ አልነበረም። «አይ ወዝ ፑቲንግ ዋን ጎት ኢን ዘ ኦፊስ።»

ቲቸር ከተደገፈችበት ግድግዳ ተነሳች። «ቢሮዬ ውስጥ ፍየሏን ያስገባህ አንተ ነህ?»

«የስ።»

«የስም መጥሪያ ወረቀቱን የበላችውን?»

«አይ ዲድ ኖት ኖው ሺ ወዝ ሀንግሪ።» መራቧን አላወቅሁም ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ወደቀ። አያ ካሳዬ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ፍየሏን አስገብቼ ተመልሼ፣ በሳቅ እየታፈንሁ ደብተሬን አንስቼ በሩን ዘጋሁ። ጠረጴዛው ላይ ጆንያ ይኑር አይኑር አላየሁም። ከሌብነቱ በፍየል ልወጣ ሞከርሁ፤ ግማሽ መንገድ ወጣሁ።

ማንም ወሰድሁ አላለም። መጨረሻ ላይ አያ ካሳዬ በአማርኛ ተናገሩ።

«ወፍ ነግራኛለች። ጆንያው ጤና ነው።»

«የትኛዋ ወፍ?» አለች ቲቸር።

በጠቅላላ ዞረን አየናት። ምስኪን፣ ደብረ ብርሃን ወፍ የለም መሰለኝ።

«ነገ ማንም ባዶ እጁን እንዳይመጣ» አሉ አያ ካሳዬ። «ሁላችሁም የተጠቀለለ ጆንያ በጋቢያችሁ ሥር ይዛችሁ ኑ። አንድ በአንድ ገብታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ማን የቱን እንዳመጣ የሚያይ የለም።»


ሐሙስ

ሰው ሁሉ ነፍሰ ጡር መስሎ መጣ። ወንዱም ሴቱም ከጋቢና ከነጠላ ሥር አንድ ነገር ታቅፏል። አንድ በአንድ ገባን፣ አስቀመጥን፣ ወጣን። ከዚያ በአንድነት ገብተን ቲቸር አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።

የመጀመሪያው ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ።

ሁለተኛው ጆንያ አይደለም፣ የሆቴል መጋረጃ ነው። ሙሉ ጣሪያውን አየች።

ሦስተኛው ውስጥ ንብ ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን ንብ ነው። ሁላችንም ወንበር ላይ ወጣን። አያ ካሳዬ በአገውኛው፣ በኽምጣንጛ፣ አንድ ነገር ብለዋቸው በእጃቸው ሸኟቸው።

አራተኛው የኔ ነው። ቲቸር ጫፉን እንደያዘች ተንቀሳቀሰ። የእናቴ ዶሮ ተፈናጥራ ወጣች፤ በቲቸር ትከሻ ላይ አልፋ ቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ ወጣችና ክንፏን አራገፈች። ተከስሼም ተወንጅዬም ይህን ሳላደርግ ማደር አልቻልሁም። ምን ላድርግ።

«ይኸው፣ ወፏ ራሷ መጣች» አሉ አያ ካሳዬ።

ቲቸር ልትቆጣኝ አፏን ስትከፍት ሳቅ አመለጣት። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ከመጨረሻዎቹ በፊት ያለው ተፈታ። ነጭ። ጥቁር ጽሕፈት። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን።

ጆንያው ጤና ነበር። ከጤናም አልፎ፣ ከጥቅምት ጀምሮ የተቀደደው ጥጉ በጥሩ ክር፣ በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። ቲቸር ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ስትዘረጋው ደግሞ ሽታው ወጣ። ቅርንፉድ። ክፍሉ ሙሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ፣ ከሥሩ ትንሽ የልብስ ሳሙና። በዚህ ከተማ እነዚህ ሁለት ሽታዎች አንድ ላይ የሚያድሩበትን ቤት የማያውቅ የለም።

ሁሉም አፍንጫ ሰማ። አንድም ዓይን አልዞረም። ሰኞ ወደ እኔ የዞሩት አንገቶች በሙሉ ዛሬ ወደ ሰሌዳው ቀጥ ብለው ቀሩ። የባንኩ ጥበቃ ጣሪያውን ያጠና ጀመር። ልብስ ሰፊው ያን የመሰለ ስፌት አይቶ ምላሱን ነከሰ።

«ይሄ ሽታ...» አለች ቲቸር።

«ቲቸር» አሉ አያ ካሳዬ፣ «ሰዓቱ ሄደ። ትምህርቱ ይቀጥል።»

አየቻቸው። ከዚያ እኛን አየች። ሴትየዋ አልገባትም ያልሁትን ሁሉ አነሳለሁ፤ ገባት። ጆንያውን ምስማሮቹ ላይ ሰቀለችው።

እኔ እዚህ ወረቀት ላይም ስም አልጽፍም። እናቴ አታነብም፣ እህቴ ግን ታነባለች። ምላሴ ላይ በሕይወቴ ያላገኘሁት ቀልድ ነበር። ስለ ቅርንፉድ ነው። ሰው ሁሉ ወንበር ይዞ ይወድቅ ነበር። ዋጥሁት። ሲወርድ ጉሮሮዬን ላጠው።

«ኪሮስ፣ ቦታህ ተቀመጥ» አለች ቲቸር። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ይቅርታ።»

«ስለ ፍየሏስ?» አልሁ።

«ስለ ፍየሏ ቢሮዬን ትጠርጋለህ።»

ጠረግሁ።


ዓርብ

እትዬ ዘይነባ ከሱቋ በር ላይ ጠራችኝ። «አንተ ቀልማዳ፣ ና ግባ። ነገ ፈተና አለህ አሉ።»

ባንኮኒው ጀርባ የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀመጠችኝ። ሻይ አስመጣች። ግሶቹን ጠይቂኝ አልኋት። እኔ ሦስት ስል እሷ ሃያ ትላለች። ካም፣ ኬም፣ ካም። ሲ፣ ሶው፣ ሲን። ከላይ እስከ ታች፣ ጆንያው ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መሐል ላይ ደንበኛ መጥቶ ሻማ ሽጣ፣ ከተወችበት ቀጠለች። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማይወጣት ሴት። መጨረሻ ላይ «ሚልክ፣ ሞልክ፣ ሞልከን» ብላ አረፈች።

«እሱ ውሸት ነው እትዬ።»

«አውቃለሁ። ግን ሲሉት ይጥማል።»

ዝም አልሁ። እኔ። የት አጠናሽው ብዬ አልጠየቅሁም። ጉልበቴን ይዤ ነው የተቀመጥሁት።

ቅርንፉድ እየሰፈረች፣ እኔን ሳታይ ወሬ ጀመረች። «አንዳንድ ሰው አለ፣ በሰው ፊት ትምህርት አይገባውም። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለችው፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ትስቅበታለች። ያ ሰው ለሁለት ቀን ብቻ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ቢያየው ብሎ ነው። ሰኞ ሊመልስ ይዞት ወጥቶ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ አንዱን ልጅ ሲያባርሩት አየ። ጆንያው ጋቢው ሥር ሆኖ፣ አፉ ተያዘበት።»

«ማን ነው ሰውዬው?»

«ወፍ ናት የነገረችኝ።»

«ወፏን ሰላም በያት» አልሁ። «ልጅቷስ አሁንም ትስቃለች?»

እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ቅርንፉዱን አሰረች። «ትናንት ማታ አንዱን ግስ ተሳስታ ወፏ አረመቻት አሉ።» ፊቷ ላይ ያየሁትን ፈገግታ በየትኛውም ጊዜ ልጽፈው አልችልም።

ከዚያ ፈረንጅ ሆነች። ሻሿን አስተካክላ፣ የሱቁን በር የቤተ ክርስቲያኑ በር አድርጋ፣ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ማን ፈለፈለው። ድንጋዩን በምን ቆረጡት። ሲቆርጡ ሴቶቹ ምን እያደረጉ ነበር። ስሳሳት መታጠቢያ ሳሙና ታነሳብኛለች። መስጊድ ለስግደት እስክትሄድ ድረስ ፈተነችኝ። አሁን ቤተ ክርስቲያኑን ከእኔ ይልቅ እሷ ነው የምታውቀው። ነገ ከወደቅሁ እሷን ይቅጠሯት።


ቅዳሜ

ሁለት ፈታኞች። አንዱ ከሩቅ የመጣ፣ አንዱ የደሃና ሰው፣ ከአምደወርቅ። ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ጥላ ሥር አቆሙኝ።

ሌሊቱን ሁሉ በቃሌ የያዝሁትን የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ ልጀምር ስል የሩቁ ሰውዬ እጁን አነሳ። «እሱ ይቆይ» አለ በእንግሊዝኛ። «መጀመሪያ በዚህ ሳምንት የገጠመህን አንድ ነገር ንገረን።»

ባዶ ሆንሁ። ከዚያ ፍየሎቹ መጡልኝ።

አይሱዙ መጣ አልሁ፤ ኬም። ፍየሎቹ እየሮጡ ነበር፤ ወር ራኒንግ። መምህራችን እየያዘች ነበር። እኔ አንዷን ቢሮ እያስገባሁ ነበር። ስመለስ አንድ ሰው ጆንያውን ወስዶት ነበር፤ ሃድ ቴከን። ሃዱ ራሱ ነው የመጣው፣ ሳልጠራው። ዶሮዋ ጋ ስደርስ ፈታኞቹ ወረቀታቸውን ትተው ነበር።

«ታዲያ ጆንያውን ማን ወሰደው?» አለ የሩቁ።

«ኤ በርድ» አልሁ። ወፍ።

«በርድ?» ብሎ ጻፈ። ቅንድቡ ወደ ላይ እንደተወጠረ ቀረ። የደሃናው ሰው ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ዓለቱን ተደግፎ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተወው» አለው፣ «እኔ አስረዳሃለሁ።»

ከዚያ ታሪኩን ተናገርሁ። ጥሩ ሄድሁ። ሁለት ቦታ ንጉሡን ያለፈውን ትቼ አሁን አመጣሁት፤ መጣ በማለት ፈንታ ይመጣል ብዬ። የደሃናው ሰው ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ። የታል እንደማለት ነው።

ሲያልቅ «ሰኞ ጠዋት ባትሪ ይዘህ ና» አለኝ።

«ለሥራ ነው ወይስ ለሁለተኛ ፈተና?»

«ባትሪ ይዘህ ና።»

በቃ። ሌላ አላለም። ከአምስቱ ተፈታኞች ለስንቶቻችን እንዲህ እንዳለ አላውቅም። አንዱን ጠየቅሁት፣ አልነገረኝም፤ ከኔ የተማረ መሆን አለበት።

ሙሉ ሆቴሉ በር ላይ አቆመችኝ። ቲቸር የዝውውሩን ወረቀት ለሥራ አስኪያጁ መልሳ፣ ጥቁር ቀለም የሚሸጥ ሰው እንዲያፈላልግላት ጠይቃዋለች አሉ። ሁለተኛ ጆንያ ልትጽፍ ነው። ከታች ባዶ መስመር እንዳትተው በሙሉ በኩል ላስጠነቅቃት ነበር፤ ተውሁት።

ቤት ስገባ እናቴ ዶሮዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ዶሮዋ ከሐሙስ ወዲህ እንቁላል አልጣለችም።

«ጆንያው ተመለሰ አሉ» አለችኝ።

«ተመለሰ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ስነግርህ ይኸው መለስህላት።»

አፌን ከፈትሁ። የት እንደነበረ አውቃለሁ። ማን እንደሰፋው አውቃለሁ። አንድ ቃል ባወጣ ከተማው በሙሉ እስከ ማታ ይሰማዋል። እናቴ ዶሮዋን እያሻሸች ጠበቀችኝ።

«አዎ እማዬ» አልሁ። «መለስሁላት።»

አሁን ባትሪዬን ፈትቼ አየሁት፤ ድንጋዩ አልቋል። ነገ እትዬ ዘይነባ ሱቅ እሄዳለሁ።